ሁለት ሁለት የሚያጎድል ስክሪን

በ1981 ዓ.ም. የካቲት ላይ ደርዊሽ ሊፈታው የተነሣው ችግር ይህ ነበር፦ የሌሊቱ ፈረቃ ያመረተው ፈትል በሚዛን ክፍሉ ወረቀት ላይ 732 ኪሎ ነው፤ በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ ግን 510 ኪሎ ነው። ፈትሉ መጋዘን ውስጥ ተቆልሎ ይታያል። የጠፋው ዕቃው ሳይሆን ቁጥሩ ነበር፤ ቁጥሩን የምታስገባው ደግሞ ዳሲቱ ብቻ ናት።

ዳሲቱ የፋብሪካው የፕላን ክፍል ጸሐፊ ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ከአዲሶቹ የመፍተያ ማሽኖች ጋር የመጣውን ኮምፒዩተር እንድትሠራበት የተመረጠችው እንግሊዝኛ ስለምታነብ ነው። በዚያ ሳምንት ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጥተው ስክሪኑን ሲያዩ ምርቱ ከዕቅድ በታች ሆኖ ተገኘ። የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ሳህሌ በሰው ፊት አፈሩ። ከዚያ «አሻጥር» የምትባለው ቃል ተነሣች፤ ይህች ቃል ከተነሣች ደግሞ ሰው እንጀራውን ብቻ አይደለም የሚያጣው።

ደርዊሽ የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ነው። ሐይቅ ከተማ አጠገብ ተወልዶ፣ በሃያ ዓመቱ በአጎቱ የጭነት መኪና አቃቂ ወረደና በዚያው ቀረ፤ አሁን አርባ ስድስት ሞልቶታል። ሰፈሩ የሚያውቀው ግን በሬዲዮ ጥገና ነው። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ቤቱ ሬዲዮ ያልተቀመጠበት ወንበር ስለማይገኝ፣ ባለቤቱ ሞሚና እንግዳ ሲመጣ «ቆይ፣ በሽተኛውን ላንሣልህ» ትላለች። ኮምፒዩተር ግን ከፍቶ አያውቅም፤ ይህንንም አልደበቀም።

ዓርብ ጠዋት ጓድ ሳህሌ አስጠሩት።

«ጓድ ደርዊሽ፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው በለኝና ልፈርም። ሰኞ ጉዳዩ ለኮሚቴ ይቀርባል።»

«ጤነኛ ካልሆነስ?»

«በራሱ የሚዋሽ ማሽን አይቼ አላውቅም።»

«እኔ አይቻለሁ» አለና ደርዊሽ የእጅ ሰዓቱን አሳያቸው። «ይኸው፣ ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ ይዋሻል።»

ዳሲቱ በር አጠገብ ቆማለች። «ጋሽ ደርዊሽ፣ በእናቴ ስም፣ አሥር ጊዜ አይቼ ነው ያስገባሁት!»

«መሐላሽን ለኮሚቴው አስቀምጪው፣ ልጄ። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ጠዋት ስትከፍቺው ስንት ይላል?»

«ጠዋት ልክ ነው።»

«መቼ ይስታል?»

«ወደ ሻይ ሰዓት ግድም።»

«ሁሉንም ቁጥር?»

«እሱ ነው እኮ ያቃጠለኝ! ሰኞ ያስገባሁት 184 ምንም አልሆነም። ለዚህ ነው ጓድ ሳህሌ ‹እየመረጥሽ ነው የነካሽው› የሚሉኝ።»

ደርዊሽ መፍቻ ከማውጣቱ በፊት ጥያቄ ያወጣል፤ የሬዲዮ ደንበኞቹን ትዕግሥት የሚያስጨርሰውም ይኸው ነው። ከመልሶቿ ሁለት ነገር ያዘ። ጠዋት ደህና ሆኖ ሲውል የሚሳሳት ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚያመው ሙቀት ነው። እየመረጠ የሚሳሳት ዕቃ ደግሞ ምርጫው ሥርዓት ካለው፣ ሥርዓቱን ማግኘት ይቻላል።

መጀመሪያ ግን የት እንደሚሳሳት መለየት ነበረበት። ዳሲቱ ከማሽኑ ጋር ከመጣው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እንዳነበበችለት፣ ቁጥሩ ዓይናችን ላይ እስኪደርስ ሦስት ቦታ ያልፋል። አንደኛው የሚያስበውና የሚያስታውሰው ዋናው ሣጥን ነው። ሁለተኛው በሣጥኑ ውስጥ የተሰካች፣ የእጅ መዳፍ የምታህል የምስል ካርድ ናት፤ ሣጥኑ ያሰበውን ወደ ሥዕል የምትለውጠው እሷ ናት። ሦስተኛው ስክሪኑ ነው። ማተሚያው ግን ወረቀት ላይ የሚጽፈው ከሣጥኑ በቀጥታ ወስዶ ነው፤ በካርዷ በኩል አያልፍም። ስለዚህ ደርዊሽ ስክሪኑ እስኪስት ጠብቆ፣ ይኸው ገጽ እንዲታተም ጠየቀ። የማተሚያው ሪባን በጓድ ሳህሌ ቁም ሣጥን ተቆልፎ፣ በፊርማ ነበር የሚወጣው። እያጉረመረሙ አወጡት። ወረቀቱ ወጣ፤ 732 ይላል። እዚያው አጠገቡ ስክሪኑ 510 ይላል።

«ሣጥኑ ያውቃል» አለ ደርዊሽ፣ ዓይኑ እየበራ። «የተሳሳተው ሲያሳይ ነው።»

«እንግዲያው ስክሪኑ ነዋ!» አሉ ጓድ ሳህሌ።

«ስክሪን ማንበብ አይችልም፣ ጓድ ሳህሌ። ሲታመም ይንቀጠቀጣል፣ ይደበዝዛል፣ ይንጋደዳል። ሰባትን አጥፍቶ ጥርት ያለ አምስት መጻፍ ግን ከየት ይመጣለታል? የቀረችው ካርዷ ናት።»

ይህ ለዳሲቱ ግማሽ እፎይታ ነበር። ጓድ ሳህሌ ግን ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው «ካርዷን ማን ነካት?» አሉ። ጥያቄው ቦታ ቀየረ እንጂ አልሞተም።

ደርዊሽ ዳሲቱን ከዜሮ እስከ ዘጠኝ በተርታ እንድትጽፍ አዘዛት። ስክሪኑ ላይ የወጣው 0101454589 ነበር። ደብተሩ ላይ «የተጻፈው» እና «የታየው» ብሎ ሁለት ረድፍ አሰመረና ቁጭ ብሎ አየው። ዜሮ፣ አንድ፣ አራት፣ አምስት፣ ስምንትና ዘጠኝ ደህና ናቸው። የተሳሳቱት አራቱ ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ጎድሎባቸዋል።

እዚህ ላይ ሐይቅ ገበያ እህል ይሸጡ የነበሩት አባቱ ትዝ አሉት። አራት የሚዛን ድንጋይ ነበራቸው፤ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ አራትና ባለ ስምንት ኪሎ። በእነዚህ አራት ብቻ እስከ አሥራ አምስት ኪሎ ያለውን ሁሉ መመዘን ይቻላል። ሰባት ከፈለጉ አራት፣ ሁለትና አንድ ነው። አሁን ባለ ሁለቱ ድንጋይ ጠፋ እንበል። ሰባቱ አምስት ይሆናል፣ ሦስቱ አንድ ይሆናል፤ ዘጠኝ ግን ስምንትና አንድ ስለሆነ ምንም አይጎድልበትም። ዳሲቱ ያንኑ መጽሐፍ ገልጣ አነበበችለት፤ ኮምፒዩተርም ቁጥር የሚይዘው እንዲሁ ነው። ካርዷ ላይ ስምንት ቺፖች በተርታ ተሰክተዋል፤ እያንዳንዱ የአንድ ድንጋይ ሥራ ይሠራል።

«አንዱ ድንጋይ ጠፍቷል!» አለ ደርዊሽ፣ ብድግ ብሎ። የክፍሉ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

ኤሌክትሪኩን አቋርጦ ሣጥኑን ፈታ። የጥጥ ብናኝ እንደ ፍራሽ ተኝቶበታል፤ የፈትል ፋብሪካ ነውና አያስገርምም። ካርዷን በባትሪ ሲያያት፣ ከስምንቱ ቺፖች የአንዱ ጫፍ ከመሰኪያው የጥፍር ውፍረት ያህል ተነሥቷል። ደርዊሽ አልነካውም። አንዴ ከተጫነው ማስረጃው ይጠፋል፤ ስለዚህ ጓድ ሳህሌን ጠርቶ ጎንበስ ብለው እንዲያዩ አደረገ።

«ማን አነሣው?»

«ሙቀት። የሐዲድ ቡሎን አያውቁም? ቀን ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሌሊት ሲበርድ ይኮማተራል፤ እንዲያ እያለ በራሱ ይላላል። ይኼም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወጣ።»

«ሌላው መሥሪያ ቤት ያለው ለምን አይወጣም? የኛን ምን አሞቀው?»

ደርዊሽ መልሱን ሣጥኑን ሲፈታ አይቶታል፤ ልጅቷን እንዳያስወቅሳት ግን ባትሪውን አጠፋ። የተናገረችው ዳሲቱ ናት።

«እኔ ነኝ» አለች፣ ጠረጴዛው ላይ ታጥፎ የተቀመጠውን ነጭ ዳንቴል እያየች። «አቧራ እንዳይነካው ብዬ ሁለት ወር ሠራሁለት። እየሠራም አላወልቅለትም። ለካ ከኋላ የሚተነፍስበትን ደፍኜዋለሁ።»

ጓድ ሳህሌ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ደርዊሽ ቀደማቸው። «ቢሮዎ ያለው ሬዲዮ ምን ለብሷል?»

«እሱማ…» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ባለቤቴ አስቴር ናት። ሰማያዊ ነው።»

«የኔ ቴሌቪዥን ቢጫ ለብሷል። ሞሚና ጫፉን ካነሣሁ እጄን ትመታኛለች። ይቺ ልጅ በአሻጥር ከተከሰሰች፣ ሚስቶቻችንንም ይዘን እንሂድ።»

ጓድ ሳህሌ ላለመሳቅ ታገሉ፤ አልቻሉም። ቢሆንም ሰውየው ያላዩትን አይፈርሙም። ደርዊሽ ቺፑን በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ቀጭ አለ። ብናኙን በቀለም ብሩሽ ጠርጎ ሣጥኑን ዘጋ። ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑ ራቁቱን ተከፈተ። ሻይ ሰዓት ደረሰ፤ 732። ሻይ ሰዓት አለፈ፤ 732። ዳሲቱ ወንበሯን ይዛ ከስክሪኑ ዓይኗን አልነቀለችም። እኩለ ቀን ላይ ጓድ ሳህሌ «በሙቀት የደረሰ የዕቃ ብልሽት፤ የሠራተኛ ጥፋት የለም» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ዳሲቱ አልቅሳ ስትጨርስ ደርዊሽን «ደግሞ ቢበላሽስ?» ብለው ጠየቁት። መለዋወጫ ከውጭ ቢታዘዝ ከስድስት ወር በፊት አይደርስም።

ደርዊሽ ከዚያ ወዲህ በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ምሳ ሰዓት ዳሲቱ ማሽኑን ታጠፋለች፤ እሱ ካርዷን ነቅሎ፣ ነገ ብትበላሽ ራሱ እንዲጠግናት፣ በካሬ ወረቀት ላይ የኤሌክትሪክ መንገዶቿን በሙሉ ይሥላል። ከየትኛው ቺፕ ተነሥቶ የትኛው ጋ እንደሚደርስ አንድ በአንድ በመለኪያ እየነካ ነው፤ እሷ ቺፖቹ ላይ የተጻፈውን በማጉያ መነጽር ታነብለታለች። እስከ ትናንት መቶ አሥራ ሁለት መስመር ሥለዋል። አሁን የያዛቸው አንድ ቀጭን መስመር ነው፤ ከትልቁ ቺፕ ሥር ይገባና በየት እንደሚወጣ አይታይም። ደርዊሽ ካርዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ እያዘነበለ፣ «ቆይ፣ ቆይ፣ አትንኪኝ» እያለ ነው።