ከካርቱም እስከ ሜልቦርን ስንት ሰዓት ነው?

ታላቅ ወንድሜ ሜልቦርን ውስጥ መሞቱን ከእናቴ በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ። የዕድራችን ሊቀ መንበር ከወንዙ ማዶ ከኦምዱርማን ደወሉልኝ።

«መርዶ በስልክ አይነገርም። ነገ ጎህ ሲቀድ መጥተን እናረዳታለን። እስከዚያ ሆድህን ሰፋ አድርግ» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው።

ያኔ የካርቱም ጦርነት ገና አልመጣም ነበር፤ እዚያው ካርቱም ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ነበርን። እናቴ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ሻይ ስትሸጥ ውላ አመሻሽ ላይ ገባች። እግሯን ታጥባ ግቢው ውስጥ ካለው አልጋ ላይ ተቀመጠች።

«ወንድምህ ስልክ አያነሳም» አለች።

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል።»

«እስቲ በስልክህ እይልኝ። ከዚህ እሱ ዘንድ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?»

ፈልጌ አነበብኩላት። አሥራ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይላል። በቀጥታ ቢበረር ወደ አሥራ ሰባት ሰዓት። በቀጥታ የሚሄድ ግን የለም፤ መሃል ላይ ወርዶ ሌላ መጠበቅ አለ።

«ይኸው ነው? ወላሂ፣ በክረምት ከገዳሪፍ በአውቶቡስ ስመጣ ከዚህ የበለጠ ቆይቻለሁ» ብላ ሳቀች። «አንተ ሩቅ ነው ስትለኝ ጨረቃ ላይ የወጣ መስሎኝ ነበር።»

እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። ወንድሜ ያን መንገድ ለመሄድ ስንት ዓመት ወረቀት ጠብቋል። ስልኩ ያንን አይቆጥርም። አሁን ደግሞ የሚቀበረው እዚያው ነው። የመመለሻው ርቀት በምን ይለካል? ይህን እያሰብኩ የምትለውን በደንብ አልሰማኋትም።

«ኸላስ፣ በቃ እሄዳለሁ» አለች። «ትንሽ በርበሬ እይዝለታለሁ። ኢንሻአላህ ከፋሲካ በፊት።»

«እሺ እማ።»

እሄዳለሁ ባለች ቁጥር «ቪዛውን የሚሰጥሽ የአጎትሽ ልጅ ነው?» እያልኩ አሾፍባት ነበር። እሷም ጫማዋን ታነሳብኝ ነበር። ያን ቀን ግን እሺ ብቻ አልኳት።

በነጠላዋ ጫፍ እግሯን አደረቀች።

«ስለ ቪዛው አላሾፍክብኝም» አለች።

ዓይኔን ወደ ስልኩ መለስኩ። ወደ ፊቴም አላየችም።

«እነማን ናቸው የሚመጡት?»

«ሊቀ መንበሩና ቄሱ። ጠዋት።»

«ሽማግሎች ናቸው። ድልድይ ተሻግረው ነው የሚመጡት። አውቃለች እንዳትላቸው» አለችና ተነሥታ ግቢውን መጥረግ ጀመረች። ሰው እንደሚመጣበት ቀን አድርጋ ጠረገችው።

ጎህ ሲቀድ መጡ። በሩን ራሷ ከፈተች። «ምነው በጠዋቱ፣ በደኅና?» አለቻቸው። ነገሯት። ያን ጊዜ ጮኸች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። እንዲያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ለካ እስከዚያ ድረስ ማልቀስ አልተፈቀደላትም ነበር።

በኋላ ሊቀ መንበሩ ትከሻዬን ያዙኝ።

«ጎበዝ፣ ቻልከው» አሉኝ።

እናቴ ከሴቶቹ መሃል ቀና ብላ አየችኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ ማወቋን አልነገርኳቸውም።