ሁለት ይገባኛል ባዮች

የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የሽንትና የበረኪና ሽታ ነው። ቀጥሎ እሳቸውን አየኋቸው። ሸሚዛቸው ተተርትሮ፣ የተሰበረ መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘው ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል።

እኛ ስደተኛ ነጋዴዎች የሱቆቻችንን መዘረፍ ተቃውመን፣ ዕቃ በጅምላ የምንገዛበት ጀፕስታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ ሰልፍ ወጥተን ነበር። ድንጋይ ተወረወረ፤ ፖሊስ የጎማ ጥይት ተኮሰ፤ ያገኘውን አፍሶ አሰረ።

እሳቸው ከከተማው ወጣ ባለችው ቶኮዛ ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ያላቸው፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ የሆሳዕና ሰው ናቸው። የማኅበራችን ሊቀ መንበር እኔ ነኝ ይላሉ፤ እኔም እንደዚያው። በስብሰባ ላይ ደጋፊዎቻችን በወንበር ተፈናክተዋል። የእኔ ሰዎች እሳቸውን፣ የእሳቸው ሰዎች እኔን «ይገባኛል ባይ» ይሉናል። ቃሉ ለርስትም ለዙፋንም ይነገራል፤ ራሱን እንዲህ ብሎ የሚጠራ ግን አላጋጠመኝም። መርዙ «ባይ» ላይ ነው፦ ባዩ እሱ ብቻ ነው፣ ሌላ የሚልለት የለም ማለት ነው።

አንድ ግዙፍ ፖሊስ የጎማ ቱቦ ይዞ ገባ።

«ሊደራችሁ ማነው?»

አብረውን ከታሰሩት አንዱን፣ በሩ አጠገብ የነበረውን ልብስ ሰፊ፣ ጀርባውን ገረፈው። ሰውየው አስም አለበት፤ ወድቆ ትንፋሽ አጠረው። ቱቦው እንደገና ሲነሳ እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«እኔ ነኝ። እሱን ተወው።»

«እሳቸው አይደሉም፤ እኔ ነኝ» ብዬ ተነሳሁ።

ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «ዝም በል፣ አንተ ይገባኛል ባይ!» አሉኝ። ቃሉን ከራሳቸው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እንደ መፈገግም ብለዋል።

ፖሊሱ ማንኛችንን እንደሚያምን አልተቸገረም፤ ሁለታችንንም ደበደበን። የጎድን አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት። እሳቸውን በጥፊ ደጋግሞ መታቸው፤ ከግራ ጆሯቸው የወረደው ደም ኮሌታቸውን አራሰው።

ደክሞት ሊወጣ ሲል እሳቸው ቀና አሉ።

«ከጨረስክ ለዚህ ሰው ውሃ አምጣ» አሉት፣ ልብስ ሰፊውን እያሳዩ።

ውሃው በላስቲክ ጠርሙስ መጣ። መጀመሪያ ልብስ ሰፊውን አጠጡት፤ ቀጥሎ ለእኔ ሰጡኝ። የቀረችውን እሳቸው ጠጡ።

ከተፈታን በኋላ ማኅበሩ ፈረሰ፤ ሊቀ መንበርነቱ ለማናችንም አልሆነም። አሁን ለሱቃቸው ዕቃ ሊያወጡ ጀፕስታውን ሲመጡ ይደውሉልኝና አብረን እንዞራለን። ግራ ጆሯቸው አይሰማም። ሳላስበው ሁልጊዜ በቀኛቸው እሄዳለሁ።