የታቀፈችው ዶሮ እንዳትበረግግ

ጎረቤቴ መስኡዳ ፈሪ መሆኗን ለማወቅ አጥሯን ማየት ይበቃል። አርዲቦ ሐይቅን ቁልቁል በሚያየው መንደራችን የእሷን ያህል እሾህ የደረደረ የለም፤ ያውም ለሰባት ዶሮ። ጭልፊት ትፈራለች፣ ሸለምጥማጥ ትፈራለች፤ ፈንግልን በስሙ አትጠራውም፣ «ያ የዶሮ በሽታ» ነው የምትለው። ደመና ሲከብድ፣ ነጎድጓድ እንቁላሉን እንዳያበላሸው ብላ ከታቀፈች ዶሮ ሥር ከሰልና ምስማር ታኖራለች። ይህንንስ ሁላችንም እናደርገዋለን። እኔ ግን አፌ አያርፍም።

«እት መስኡዳ፣ ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ያሉት አንቺን አይተው ነው» እላታለሁ።

ትስቃለች። ወስፌው ግን ከእጇ አይወርድም። ለሐይቅ ከተማ ገበያ ሌማትና ሙዳይ ትሰፋለች፤ ሣሩን የምታቀልምላት ሀያ የምትባለው ልጇ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት ያሉት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

መጋቢት ላይ ቀዩዋ ዶሮ ለመታቀፍ ስትንቆራጠጥ፣ ጎዶሎ ቁጥር ይሻላል ብለን አሥራ አንድ እንቁላል አስታቀፍናት። ሦስቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በዚያው ቀን ሀያ «ቀለም ልግዛ» ብላ በባጃጅ ወደ ሐይቅ ወረደች፤ አልተመለሰችም። ማታ ጓደኛዋ መጥታ እውነቱን ነገረችን። ሀያ ከደላላ ጋር በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ ሄዳለች፤ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። አምና የመንደራችን ሰው ኑርዬ ከረጅም የውጭ ቁጥር ተደውሎለት ሲያነሳ፣ ልጁ ባሕር ውስጥ መቅረቱን ነገሩት። እኔ ቤቱ ነበርኩ። ስልኩ ከእጁ እንዴት እንደወደቀ፣ ሚስቱ እንዴት እንደጮኸች፣ አንድም ሳላስቀር ለመስኡዳ ያወራሁላት እኔ ነኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሷ እባቡን ያየችው በእኔ አፍ ነው።

ዶሮዋ በታቀፈች በአሥራ ሦስተኛው ቀን አብረን ስንሰፋ ስልኳ ጠራ። አየሁት። ረጅም ቁጥር ነው፣ የእኛ አገር አይደለም።

«አንሺው» አልኳት።

ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። «ጸዱ፣ ካላነሳሁት ልጄ አልሞተችም» አለች።

እኔ ጸዳለ፣ ነገር የማያልቅብኝ ሴት፣ እጄን ወደ ስልኩ ሰድጄ መለስኩት። እኔው ላነሳው እችል ነበር። ፈራሁ። ሦስት ጊዜ ጠርቶ ዝም አለ። በሦስተኛው ዶሮዋ አንገቷን አውጥታ ተቆጣች፣ መስኡዳም ያንን ሰበብ አደረገች።

«ዶሮዋ በርግጋ ከተነሳች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል። እስኪፈለፈሉ ይቆይ።»

«ይቆይ» አልኩ።

ስልኩን በባዘቶ ጠቅልላ ሙዳይ ውስጥ ከተተችና ክዳኑን ገጠመች። በማግስቱ ከጥጡ ውስጥ ሲያጉረመርም ሰማነው፤ አልተያየንም። ከዚያ በኋላ ባትሪው አለቀ መሰለኝ፣ ጸጥ አለ። መስኡዳ ግን አልረጋችም። አንድን መስመር ትሰፋለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ትሰፋለች። ከአጥር ውጭ ሰው «ቤቶች!» ሲል ወስፌው ጣቷን ይወጋታል። እህል አስገድጄ ነው የማጎርሳት። «አብሽሪ፣ ክፉ አይሰማም» እላታለሁ።

በሃያ አንደኛው ቀን ዘጠኝ ጫጩት ወጣ። ምክንያታችን አለቀ። መስኡዳ ሙዳዩን አቅፋ እኔ ቤት መጣች፤ መብራት ያለው እኔ ዘንድ ነው። ስልኩን ሶኬት ላይ ሰካሁት። ሲበራ ያልተከፈቱ ሁለት መልእክቶች አየሁ። እሷ ማንበብ አትችልም። ቀድሜ በልቤ ማየት ነበረብኝ፤ አፌ አያርፍም ብያለሁ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«እማ፣ እኔ ነኝ። በሰው ስልክ ነው። ባሕሩን ሳየው ፈራሁ። የሚመለሱትን ወደ አገር የሚወስድ መኪና አለ፣ ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ። አንሺልኝ።»

ሁለተኛው የማግስቱ ነው። «እማ፣ ተቆጥተሽኝ ነው አይደል። እሺ። ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ እንሳፈራለን። ዱዓ አድርጊልኝ።»

«ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት።

«መቼ ነው የጻፈችው?»

«ሳምንት ሆነው።»

ቁጥሩን መልሼ ደወልኩ። አንድ ሰውዬ አነሳና በአማርኛ መለሰልኝ። ልጅቱን አስታወሳት፤ ተሳፍራለች፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም አለ። «ለመሳፈር ስሟ እስኪጠራ ድረስ ስልኬን አልመልስም ብላኝ ነበር፤ እናቴ ትደውላለች እያለች» አለኝ። ድምፁ ለመስኡዳም ይሰማ ነበር።

ይኸው አራት ወር ሆነ። ከሀያም፣ ስለ ሀያም የሰማነው የለም። መስኡዳ በገመደችው የጥጥ ክር ስልኩን አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች፣ ስትሰፋም ዶሮ ስትመግብም አታወልቀውም። ባለፈው ሳምንት ከሐይቅ ገበያ ሆኜ የሣሩን ቀለም ልጠይቃት ደወልኩላት። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳችው፣ እኔም አፌን ሳልከፍት «ሀያ፣ አልተቆጣሁም፣ ነይ» አለችኝ።