የባሰበት ይቅደም

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ በካዛንቺስ የቧንቧ ወረፋም ሆነ በታክሲ ሰልፍ ተራውን ለሌላ እየሰጠ «የባሰበት ይቅደም» ይል ነበር። እኔ ግን አያት ሆኜ እንኳ ስለ ተራ ከሰው ሁሉ እጣላለሁ።

ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል ሲተኛ ጾም ነበር። ቁርሱን አጠገቡ ለተኛው በሽተኛ ሰጥቶ የሕመም ማስታገሻውን በባዶ ሆዱ ይውጣል። ነርሷ «አባባ፣ በልተዋል?» ስትለው «በልቻለሁ» ይላል፤ እኔም እያወቅኩ ዝም አልኩ። ሰገራው እንደ ሬንጅ ሲጠቁር «ሐኪም ልጥራ» ብለው፣ «ተዪ፣ የባሰበት ይቅደም» አለኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ታዘዝኩት።

በማግስቱ ደም አስታወከው። ጨጓራው ቆስሎ ሲደማ ነው የሰነበተው አሉን። አልተረፈም።

ጋሼ፣ የባሰብህ እኮ አንተ ነበርክ!

አሁን ታክሲ ስሰለፍ ከፊቴ የአንድ ሰው ቦታ እተዋለሁ። ሊገባበት የመጣውን ሁሉ «ሰው አለው!» ብዬ እመልሳለሁ።