ነርቭ መስመር ያስያዙት ልብስ ሰፊ

እትዬ መርፌ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍተው፣ ዓይናቸው ደክሞ ክር በመርፌ ቀዳዳ አልገባ ሲላቸው ሱቃቸውን ዘጉና አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ብልቃጥ አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው እዚያ ነው። ምላሳቸው ስለሚወጋ ነው የሚሉ አሉ፤ ኮሌታቸው ላይ ሁልጊዜ መርፌ ስለሚሰኩ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ላቦራቶሪው የነርቭ ሴል ያሳድጋል። የተቆረጠ ነርቭ ጫፍና ጫፉ እንዲገናኝ መሃል ላይ ይዞት የሚሄደው ነገር ይፈልጋል፤ ሐረግ እንጨት እንደሚፈልገው ማለት ነው። ስለዚህ የላቦራቶሪው ኃላፊ የሆነው ዶክተር ከሟሟ ሐር፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ክር በማሽን እየረጨ ርብራብ ይሠራል፤ ሴሎቹን እላዩ ላይ ይዘራል። ሴሎቹ ግን ስምንት ወር ሙሉ ወደየፈለጉበት እየተንቀዋለሉ አበሳውን አሳዩት።

አንድ ቀን እትዬ መርፌ ጠረጴዛ ሲወለውሉ በማይክሮስኮፑ አጮልቀው አዩ።

«ዶክተር፣ ይሄ ክር ነው ወይስ ድመት የተጫወተችበት ጥጥ?»

«እማማ፣ እርስዎ ብልቃጥዎን ይጠቡ።»

ብልቃጡንስ አጠቡ፤ ነገሩ ግን ከነከናቸው። ማሽኑ ክሩን የሚረጨው ዝም ብሎ በተቀመጠ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ነው። ክር መስመር የሚይዘው የሚሽከረከር ነገር ላይ ሲጠቀለል መሆኑን ደግሞ እሳቸው ያውቃሉ።

ማታ ባላቸውን ያዟቸው። ባላቸው ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው።

«የስፌት መኪናዬን ሞተር ፍታልኝ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ዶክተሩን ላሽከረክርበት።»

ባላቸው እየሳቁ ፈቱላቸው፤ ክሩ እንዲጠቀለልበትም የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ገጠሙለት። የላቦራቶሪው ማሽን በከፍተኛ ኤሌክትሪክ እንደሚሠራ ሲሰሙ ግን ሳቃቸውን ዋጡ። ቆርቆሮውን ከሞተሩ በወፍራም የፕላስቲክ ዘንግ ለዩና፣ «ማሽኑን የሚያውቅ ሰው አብሮሽ ከሌለ እጅሽን እንዳታስገቢ» አሉ።

የሚያውቅ ሰው ነበረ። የማሽኑ ቴክኒሻን የሠርጓ ዋዜማ ላይ ቀሚሷ ጠቧት፣ በአንድ ቀን ያሰፉላት እትዬ መርፌ ነበሩ። እምቢ የምትልበት አፍ አልነበራትም። ሰኞ ዶክተሩ ስብሰባ ሲገባ ቆርቆሮው ዞረ፤ ሐሩም እንደ ተበጠረ ፀጉር ተኛ። ቆራርጠው በሰሃን አኖሩና ዶክተሩ ሴል ከሚዘራባቸው ሰሃኖች ጋር ቀላቀሉት። እሱም ምንም ሳይጠረጥር በገዛ እጁ ሴል ዘራበት።

በሳምንቱ ዶክተሩ ከማይክሮስኮፑ አልነሳ አለ። ሴሎቹ በክሩ ላይ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል።

«ይሄን ሰሃን ማን ሠራው?»

ቴክኒሻኗ መነጽሯን መወልወል ጀመረች።

«እኔው ሳልሆን አልቀርም» አለ ዶክተሩ፣ ፊቱ እየበራ። «አዎ፣ እኔ ነኝ።»

እትዬ መርፌ እስከ ጡረታቸው ዝም ሊሉ ወስነው ነበር፤ ይህን ግን አልቻሉም።

«ዶክተር፣ ቆርቆሮውን ከየት አመጡት?»

ምስጢሩ ሁሉ ወጣ። ዶክተሩ ጮኸ፣ ስለ ኤሌክትሪኩ አደጋ ተገቢ ቁጣ ተቆጣ፣ ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን ወንበር ይዞ ብልቃጥ ማጠቢያው አጠገብ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ በደቂቃ ስንት ዙር ነው የዞረው?»

«ፔዳሉን ግማሽ ስረግጠው የሚዞረውን ያህል።»

ይህንኑ ደብተሩ ላይ ጻፈ፤ ከዚያ ሰርዞ ሞተሩን ሊለካ ሄደ።

አሁን የሚሽከረከር ደህና ማሽን ገብቷል፤ እትዬ መርፌም ከቴክኒሻኗ ጎን ሐር ይፈትላሉ። ዶክተሩ፣ ርብራቡ ለሰው ሕክምና እስኪደርስ ገና ብዙ ዓመት ይፈጃል ይላል። ጎረቤቶቻቸው ግን ቀሚስ ይዘው መምጣታቸውን አልተዉም።

«እትዬ፣ ይቺን ታሳጥሩልኝ?»

«ሌላ ሰው ፈልጊ እቴ። እኔ አሁን ነርቭ ነው የምሠራው።»

ይህን ብለው ቀሚሱን ይቀበላሉ።