የመዳብ ሆድ የነበራት ባቡር

ባለፈው ሳምንት ቤቴል አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ ስጠብቅ የቡና ማሽኑ ድንገት ጮኸና እንፋሎት ተፋ። ሳላስበው ከወንበሬ ተነስቼ ቆሜያለሁ። ማሽኑን የያዘው ልጅ ሳቀ። "አይዞሽ እናቴ፣ ሁሌም እንዲህ ነው የሚጮኸው" አለኝ። እኔ ግን "ሴፍቲ ቫልቩ መቼ ነው የታየው?" ብዬ ጠየቅኩት። ምን እንዳልኩት አልገባውም መሰለኝ፣ ስኳር ጨመረልኝ።

እርጥብ እንፋሎት የሞቀ ናስ ሲነካ የሚወጣ ሽታ አለ። የዝገትም የሳንቲምም ሽታ አይደለም፣ መሀል ላይ ያለ ነገር ነው። ማኪያቶው ፊት ለፊቴ ቀዘቀዘ። እኔ አየር ጤና ጀርባ፣ ወላጆቼ ግቢ ውስጥ ነበርኩ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ ቤት ተቀምጫለሁ። አባቴም ቤት ተቀምጧል፣ እሱ እንኳን በጡረታ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የእንፋሎት ቦይለር ሲያነድ ነበር። ጆሮው በዚያ ጩኸት ብዛት ደክሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልነገሩት አይሰማም። ጠዋት ወንበሩን ፀሐይ ላይ ያወጣና ፀሐይዋን ተከትሎ ሲያዟዙር ይውላል። እናቴ ወደ ሱቋ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ትልና "እንግዲህ ሁለታችሁንም እንደ ዕቃ አስቀምጬ መሄዴ ነው" ትለን ነበር። ቀልዷ ነበር፣ ግን እኔን ያመኝ ነበር። አባቴን ያመው አያመው አላውቅም። ብዙ አናወራም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት የሚመጣለት አንድ ሰው ነበር፣ የድሮ ጓደኛው ሰዓት ሠሪው። አየር ጤና ታክሲ ተራው አጠገብ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የመስታወት ኪዮስክ ነበረችው። የግራ ፊቱ ቆዳ ከዓይኑ እስከ ጆሮው ድረስ ተሸብሽቦ ያበራል፣ የግራ ዓይኑም አያይም። አጉሊ መነጽሩን በደህናዋ ዓይኑ ላይ እየጫነ "ሌሎቹ ሰዓት ሠሪዎች አንዷን ዓይን ሲጨፍኑ ይደክማቸዋል፣ እኔ ተገላግያለሁ" ይል ነበር። ምን ሆኖ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ እንደዚያው ነው፣ ፊቱ ማለት ለእኔ ያ ነው።

አንድ ቅዳሜ ደንበኛ ዕቃ ጠቅልሎ ያመጣበትን የውጭ አገር መጽሔት ይዞ መጣ። ገጹ ላይ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል፣ የተቀመጠው ደግሞ ውሻ በምታህል የባቡር ራስ ጀርባ ላይ ነው። ከጭስ ማውጫዋ ነጭ እንፋሎት ይወጣል።

"መጫወቻ እንዳይመስልህ" አለ ሰዓት ሠሪው እየጮኸ፣ አባቴ እንዲሰማው። "የእውነት ከሰል ትበላለች፣ የእውነት ውሃ ትጠጣለች።"

አባቴ መጽሔቱን ወደ ፀሐይ አዞረው። "ቦይለሩን ማን ሠራለት?"

"ራሱ ነዋ! በየቤታቸው ነው የሚሠሩት።"

"ለምን?"

"እንዲያው ለደስታቸው።"

"ለደስታቸው" አለ አባቴ፣ ቃሉን እንደማያውቀው ሁሉ። ከዚያ ተነስቶ ገባና እርሳስ ይዞ ወጣ። ከወንበሩ እንዲያ ቀልጠፍ ብሎ ሲነሳ ያየሁት ጡረታ ከወጣ ወዲህ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ድረስ ሠራናት። ሆዷን፣ አባቴ ቦይለሩን ሆድ ነበር የሚለው፣ ቆራሌው ካመጣው አሮጌ የባኞ ቤት ውሃ ማሞቂያ ከወጣ መዳብ ቆረጥንላት። የብረት ጎማዎቿንና ሲሊንደሮቿን ቶርኖ ቤት አስቀረጽን። ሰዓት ሠሪው ከምስር ፍሬ የማይበልጡ ብሎኖች፣ ቧንቧዎችና አንዲት የናስ ፊሽካ ኪዮስኩ ውስጥ ሠርቶ በክብሪት ቤት እያደረገ ያመጣል። ብየዳው የእኔ ሆነ። የሠፈራችን ጋራዥ በያጅ አስተማረኝ። መዳብ እሳት ሲነካው መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ እንደ በሰለ ብርቱካን ይሆናል፣ በዚያች ቅጽበት የብር መበየጃ ዘንጉን ስታስነኩት ውሃ ሆኖ ስንጥቁ ውስጥ ይሮጣል። ሲሮጥ ማየት እወድ ነበር። እናቴ ቃጠሎ የበሳሳውን ቀሚሴን እያነሳች "ልጄን በያጅ አደረጋችኋት" ብትልም ለሱቅ ደንበኞቿ ግን ትኮራብኝ እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

አባቴ አንድ ሕግ ነበረው። እሳት ከመግባቱ በፊት ሆዷ ጢም ተደርጎ በቀዝቃዛ ውሃ ይሞላል፣ ከዚያ የምትሠራበት ግፊት እጥፍ በእጅ ፓምፕ ይገፋባታል። "ቀዝቃዛ ውሃ ቢበዛ ያለቅስብሻል" አለኝ። "እንፋሎት ግን አያለቅስም።" ሦስት ጊዜ ውሃ እያንጠባጠበች አለቀሰችብኝ። ሦስት ጊዜ ፈትቼ በየድኩ። በአራተኛው፣ ጋራዥ ያገኘነው የግፊት መለኪያ መርፌ ወደ ላይ ወጥቶ እንደቆመ ቀረ፣ አንድ ጠብታ አልወጣም። አባቴ መዳቡን በመዳፉ ዳብሶ "ጎበዝ" አለኝ። ከዚያ በፊት ጎበዝ ብሎኝ እንደሆነ አላስታውስም። በመለኪያው መስታወት ላይ ደግሞ በእኔ ኩቴክስ ቀይ መስመር አሰመረ። "ከዚህች አታልፍም። ከዚህች በፊት ሴፍቲ ቫልቩ ራሱ ከፍቶ ያስተነፍሳታል።"

አንድ ነገር ግን ያናድደኝ ነበር። ሰዓት ሠሪው ያን ሁሉ ሲለፋ ቆይቶ ልክ እሳት ሲቀጣጠል "ደንበኛ ቀጥሬያለሁ" ብሎ ይወጣል። አንድ ቀን እንኳን ተቀምጦ አያያትም። ነገሩ ግድ ስላልሰጠው መሰለኝ፣ አባቴም ምንም አይለውም።

ሐዲዱ ከግቢው በር እስከ ኩሽናው ግድግዳ አሥራ አምስት እርምጃ ይሆናል። ከኋላዋ በኩሽኔታ የምትሄድ ጣውላ አሰርንላት፣ ሰው እንዲቀመጥባት። መጀመሪያ ብቻዋን ለቀቅናት፣ ቱክ ቱክ እያለች ሄደች። አባቴ ሲቀመጥባት ግን ሁለቴ ተንፈራገጠችና ቆመች፣ ቫልቩም ተከፍቶ እንፋሎቱን ሁሉ ወደ ሰማይ ለቀቀው። ከአጥሩ በላይ የሚያዩ ጎረቤቶች "ኧረ ጎማዋ ተነፈሰ!" እያሉ ሳቁ። አባቴም አብሮ ሳቀ። "ጉልበቷ ይኸው ነው፣ ሰው ካልጎተተች አትጎትት" አለና ወንበሩን ፀሐይ ላይ አወጣ። ወደዚያ ወንበር መመለሱን ነው እንግዲህ ያልቻልኩት።

ዓርብ ለእድር ስብሰባ ሲወጣ የቫልቩን ብሎን ሁለት ዙር አጠበቅኩት። ቶሎ እየተከፈተ ነው ጉልበቷን የሚጨርስባት ብዬ ነው። በማግስቱ ከሰዓት፣ ሰዓት ሠሪው መጥቶ ከወጣ በኋላ፣ እሳት አስገባሁና አባቴን ጠራሁት። መጥቶ ከጎኗ ቁጢጥ አለ። የከሰሉ ሙቀት ፊታችንን ይገርፈናል፣ ዘይቱ ይሸታል። መርፌው ወጣ፣ ቀዩዋን መስመር ነካ፣ አለፈ። የቫልቩን ዝምታ እኔ ሰማሁት፣ ደስም አለኝ። አባቴ ጆሮው ባይሰማም ዓይኑ መርፌው ላይ ነበር። በአንድ ክንዱ ወደ ኋላ ወረወረኝ፣ ጀርባዬ ከኩሽናው ግድግዳ ጋር ተላተመ። በሌላው ባዶ እጁ የጋለውን የእሳት መያዣ መዞ አወጣና ፍሙን መሬት ላይ ዘረገፈው። ፊሽካዋንም ከፍቶ ያዘ። እንፋሎቷ እስኪያልቅ ድረስ ጮኸች።

"ማነው የነካው?" አለ።

"እኔ ነኝ አባዬ።"

አልመታኝም፣ አልተሳደበም። እጁን ባልዲ ውስጥ ከትቶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ወደ እኔ ሳያይ ተናገረ። ወጣት ሳለ ነው። አለቃው እንፋሎት አነሰ እያለ ይጮህባቸዋል፣ የፋብሪካው ቫልቭ ደግሞ በየደቂቃው ይከፈታል። "በሽቦ አሰርኩት" አለ። "እኔ ነኝ። ተረኞቹ እኔና እሱ ነበርን። የውሃ ማሳያው መስታወት እሱ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ፊቱ ላይ ፈነዳ።"

እሱ ማለት ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የዚያን ፊት እያንዳንዷን መስመር አውቃታለሁ።

"ለእናትሽም አልነገርኳት" አለ። ቀጥሎም "ሰኞ ሂጂና ያደረግሽውን ራስሽ ንገሪው። የሱ እጅ ያለበት ነገር ነው" አለኝ።

ሰኞ ኪዮስኩ መስኮት ላይ ቆምኩ። የታክሲ ረዳቶቹ "ቤቴል! ቤቴል!" እያሉ ይጮሃሉ፣ ሰዓት ሠሪው ያልሰማኝ እየመሰለኝ ሁለቴ ተናገርኩ። አጉሊ መነጽሩን አወለቀ።

"ስንት ዙር?"

"ሁለት፣ ጋሼ።"

"አባትሽ ተጎዳ?"

"መዳፉ ተቃጥሏል። ቫልቩን መልሰን፣ ትናንት በቀዝቃዛ ውሃ እንደገና ፈተንናት።"

ፊት ለፊቱ የተፈታች የእጅ ሰዓት ነበረች፣ ጥቃቅን ባለጥርስ ጎማዎቿን በፒንሳው ጫፍ አንድ በአንድ ወደ ሳጥኑ መለሰ። "ጥፋቱ ግፊት ማነሱ አይደለም" አለ በመጨረሻ። "እንፋሎቱ ሲሊንደሩ ውስጥ ዘግይቶ ነው የሚገባው። ሰዓቷ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ግን ስትሠራ አይቻት አላውቅም።" ካለ በኋላ መስኮቱን ሊዘጋ እጁን ዘረጋና "ቅዳሜ እመጣለሁ፣ እሳት ካለም ይኑር" አለኝ።

መጣ። ቁጭ ብሎ እንፋሎቱ የሚገባበትን ሰዓት አስተካከለ። ከኪሱም የክብሪት ቤት አወጣ፣ ውስጡ የቫልቩን ብሎን ሸፍና የምትቆለፍ የናስ ቆብና ከጥፍር የማትበልጥ ቁልፍ ነበረች። አባቴ እጁን ዘረጋ። ሰዓት ሠሪው ግን ቁልፏን ለእኔ ሰጠኝ። "እሷ ትያዛት፣ አሁን ከእሷ በላይ ባቡሯን የሚፈራ የለም" አለ።

እሳት አስገባሁ። ሰዓት ሠሪው ሄዶ በሩ ላይ ቆመ፣ ግን አልወጣም። መርፌው ሲወጣ እያየሁ እሱንም አየዋለሁ። መርፌው ቀዩዋ መስመር ጋ ሊደርስ ሲል ቫልቩ በሰዓቱ ተከፈተ፣ አስተነፈሰ፣ ተዘጋ። በድምፁ ትከሻው ዘለለ። አባቴ ሄዶ አጠገቡ ቆመ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፣ አባቴ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮሁለት የሰማ ይመስለኛል። ከዚያ ሰዓት ሠሪው መጥቶ ጣውላዋ ላይ ተቀመጠ፣ ጉልበቱን አጠፈ። የጋለው መዳብ ከፊቱ አንድ ክንድ ነው የሚርቀው። እጁን የእንፋሎት መዝጊያው ላይ ሲያደርግ አብሬው ከፈትኩ።

ጎተተችው። ቱክ ቱክ፣ ቱክ ቱክ። አባቴ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ከጎኑ ተራመደ፣ አሥራ አምስቱንም እርምጃ። አጥሩ ላይ የነበሩት አልሳቁም። ኩሽናው ግድግዳ ጋ ስትቆም ሰዓት ሠሪው ደህናዋን ዓይኑን ጠረገና "እንደገና" አለ። ፀሐይ ከግቢያችን እስክትሄድ ድረስ እንደገና፣ እንደገና አልን። እናቴ እንኳን ከሱቅ ስትመለስ ቀሚሷን ሰብስባ ተሳፍራለች።

በዓመቱ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባሁ። ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና ዕቃ የሚቀቀልባቸውን ቦይለሮች እጠብቃለሁ። ተለማማጆቼ ያለቅጥ ጠንቃቃ ነች ብለው ያሙኛል።

አባቴ ያረፈው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ክረምት ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን የለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲሳሳ ሰዓት ሠሪው ጋቢውን ተከናንቦ ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አየሁትና ሄጄ ከጎኑ ተቀመጥኩ። "አባዬ ያኔ ነግሮኝ ነበር" አልኩት። "ቫልቩን እሱ እንዳሰረው። እስኪሞት ድረስ ይጸጽተው ነበር።"

"ሽቦውንስ?" አለኝ።

"የምን ሽቦ?"

"ሽቦውን ከኪሴ አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። 'እሰራት ይቺን፣ ጆሮዬን በላችው' ያልኩትም እኔ። አልነገረሽም?"

"አልነገረኝም።"

ዝናቡ ድንኳኑን ይደበድባል። "ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ለአለቆቹ 'ብቻዬን ነኝ ያሰርኩት' ብሏቸው ነበር፣ እኔን እንዳያባርሩኝ። ይህን አውቅ ነበር" አለ ሰዓት ሠሪው። "ለልጁም እንደዚያው ይላል ብዬ ግን አላሰብኩም።"

የተቀመጥኩት በማያይበት በኩል ነበር። እጁን ስይዘው ደነገጠ። ከዚያ ግን አጥብቆ ያዘኝ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስም አልለቀቀኝም።