ከወግዲ ማዶ ያደረስኩት መርዶ

መካነ ሰላም በካቶሊክ ቄስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ብዙ ገጠር ዞሬያለሁ። እንደዚያን ጊዜ ተናድጄ የተመለስኩበት መንገድ ግን የለም።

ዐረብ አገር የሚያገለግል ጓደኛዬ ቄስ ደወለልኝ። ከወግዲ ማዶ ካለ መንደር ወደዚያ ሄዳ በሰው ቤት ትሠራ የነበረች ልጅ ታማ ሞታለች፤ እዚያው ተቀብራለች፤ እናቷ አልሰሙም። መርዶውን እንዳደርስ ለመነኝ።

እስከ ወግዲ በሚኒባስ፣ ከዚያ ግማሽ ቀን በእግሬ ሄድኩ። መጀመሪያ ለጎረቤታቸው ለአንድ ሼኽ ነገርኳቸው። በማግስቱ ሲነጋጋ ሽማግሌ ሰበሰቡና እናትየው ደጅ ቆምን። ቃሉን ያወጡት ሼኹ ናቸው፤ እኔ መሬት መሬቱን አይ ነበር።

ረፋዱ ላይ የደብሩ አለቃ መጡ። ዘመዶቿ ፍትሐት እንዲያደርጉላት ለመኗቸው። አለቃው ወደ እኔ ዞረው፣ «እዚያ የት ነበር የምታስቀድሰው?» አሉኝ።

«እኛ ዘንድ። በእረፍት ቀኗ የምትደርስበት ሌላ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም።»

«እንግዲያው ፍትሐቱንም እናንተው አድርጉላት።»

ደሜ ፈላ። «ብቻዋን ለቀረች ልጅ ጸሎት ይነፈጋል?» ብዬ ለቅሶ ቤት ውስጥ ጮህኩ።

እናትየው ቀና አሉ። «በልጄ ላይ አትጣሉ» አሉን። ከዚያ እኔን፣ «ስትሞት የጸለየላት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጓደኛዬ አጠገቧ ነበር፤ ፍትሐቱንም እሱ ነው ያደረሰው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሼኹ። እናትየውም ለአለቃው፣ «ይበቃታል፤ እርስዎ ይሂዱ» አሏቸው። አለቃው ወጥተው ሄዱ።

ድንኳኑን የተከሉት፣ ሦስት ቀን ውኃ የቀዱት የሼኹ ዘመዶች ናቸው። እኔ አንድ ነጠላ ያዘቀዘቀ፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚያለቅስ ጎልማሳ አጠገብ ተቀመጥኩ። ንፍሮ አቀበለኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩት። ስመለስ ሼኹ እየሸኙኝ፣ «ልጅቷን የላካት ደላላ እሱ ነው። አሁንም የጎረቤት ልጅ ፓስፖርት አውጥቶላታል» አሉኝ።

«ለምን በሰው ፊት አልነገሩኝም?»

«የሁላችንም ልጆች በሱ እጅ ነው የሄዱት፤ ምን ብለን እንናገረው?»

አፌ የተከፈተው በአለቃው ላይ ብቻ ነበር። በሳምንቱ ደላላውን ፊት ለፊት ልናገረው ተመልሼ ሄድኩ። እሱን ቤቱ አጣሁት፤ ፓስፖርት ያወጣላት ልጅም ከሦስት ቀን በፊት ተሳፍራ ነበር። የዚህችን ልጅ እናት፣ «እንዴት ይህን እያዩ ይልኳታል?» ብዬ ተቆጣኋቸው። እሳቸውን መቆጣቴ ዛሬም ያናድደኛል።